የድረ ገጹ ባለቤት ማን ነው?

በደሴ ከተማ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ለአነስተኛ ነጋዴዎችና ለድረ ገጽ ሠሪ ወጣቶች የቀረበ ዲስኩር



ድረ ገጽ አሠሩ ብዬ ልሰብካችሁ አልመጣሁም። ብዙዎቻችሁ አሠርታችኋል፤ ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ያሠራችሁም አላችሁ። እኔ ይዤ የመጣሁት አንድ ጥያቄ ነው። የሆቴላችሁ የአልጋ ዋጋ ትናንት ማታ ተቀየረ እንበል። ዛሬ ጠዋት አዲሱን ዋጋ ድረ ገጹ ላይ ማን ይጽፈዋል? እንግዳ ተቀባይዋ ከጻፈችው ድረ ገጹ የእናንተ ነው። «የሠራልኝን ልጅ ልደውልለት፤ ግን አዲስ አበባ ገብቷል አሉ» ካላችሁ ግን፣ ከፋዩ እናንተ ብትሆኑም ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው።

ድረ ገጽ የሚወደደው ከተሠራ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። እነዚያን ዓመታት የሚያረክሱ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው ዓለም በተስማማበት ደረጃ መሠራቱ፣ ሁለተኛው ባለቤቱ በራሱ እጅ ሊያድሰው መቻሉ። ሁለቱ እንዴት እንደሚደጋገፉ ላስረዳ።

አስቀድሜ ግን በብዙዎቻችሁ ልብ ያለውን ላንሳው። «ቴሌግራም ቻናል አለኝ፤ ፌስቡክ አለኝ፤ ቲክቶክም እለቃለሁ፤ ድረ ገጽ ምን ይጨምርልኛል?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እነዚህም ጥሩ ገበያዎች ናቸው። ነገር ግን የቅርቡን ጊዜ አስታውሱ። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሐምሌ ወር አጋማሽ ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው ነበር። ቪፒኤን ያለው ገባ፣ የሌለው ቀረ። እነሱ በተከፈቱ ወር ሳይሞላ፣ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ሳይመለስ ቆየ።

በዚያ ጊዜ ሱቁ ቴሌግራም ላይ ብቻ የነበረ ሰው ለደንበኛው ጠፋ። በራሱ አድራሻ ድረ ገጽ የነበረው ግን፣ እሱ ራሱ ደሴ ላይ ሆኖ ሊያየው ባይችልም፣ ሰርቨሩ ሌላ ቦታ ስለሆነ አዲስ አበባ ያለው፣ ጅዳና ሪያድ ያለው፣ ዋሽንግተን ያለው ሰው ያየው ነበር። ገጹ ላይ የመደበኛ ስልክ ቁጥር ካለ ደግሞ ይደውላል። ከወሎ የወጣው ሰው ብዛት የታወቀ ነው። ለቤተሰቡ ቁም ሣጥን የሚያሠራው፣ ለእናቱ ክሊኒክ የሚፈልገው፣ ለሠርግ አዳራሽ የሚይዘው ከውጭ ሆኖ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ወደ ላሊበላ የሚያልፈው መንገደኛም ማደሪያውን የሚፈልገው ከመነሳቱ በፊት ነው። ቴሌግራሙን አትተዉት፤ ነገር ግን መዝጊያውም መክፈቻውም በሌላ ሰው እጅ ያለ ቤት ብቻውን መተማመኛ አይሆንም።

አሁን ወደ ደረጃው ልምጣ። ቧንቧ የተበላሸበት ሰው ከሱቅ ገብቶ «ግማሽ ኢንች» ብሎ ይገዛል። መስመሩን ማን እንደዘረጋው የሚጠይቀው የለም፤ በዚያው ደረጃ የተሠራ ዕቃ ከየትም አገር ቢመጣ ጥርሱ ይገጥማል። የዘረጋው ሰው ከተማ ቢለቅ ሌላው መጥቶ ይቀጥላል። በደረጃ የተሠራ ድረ ገጽም እንዲሁ ነው፤ ሠሪው ቢሄድ ሌላ ባለሙያ ከፍቶ ያነበዋል። በዘፈቀደ የተሠራውን ግን ከሠሪው በቀር የሚፈታው የለም። የሚቀጥለው ባለሙያ «ይፍረስና እንደ አዲስ ይሠራ» የሚላችሁ ሁልጊዜ ገንዘብ ፈልጎ አይደለም፤ የሚይዘው ጫፍ አጥቶም ነው።

ይህን ደረጃ ማን አወጣው? ድርን የፈጠረው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1989 ጄኔቫ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል አቀረበ። ሰርንም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1993 ቴክኖሎጂውን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። በዓመቱ በርነርስ ሊ የድሩን ቋንቋዎች ደረጃ የሚያወጣውን የዓለም አቀፍ ድር ጥምረት መሠረተ። ኤችቲኤምኤል የገጹን አካል፣ ሲኤስኤስ መልኩን እንዲገልጹ ተደርገው ተለዩ። ይህ መለየት ለኪሳችሁ ትልቅ ነገር ነው። መልኩ ለብቻው ከተቀመጠ እናንተ ዋጋ ስትቀይሩ ቀለሙና አቀማመጡ አይነካም፤ ባለሙያው መልኩን ሲያድስም ጽሑፋችሁ እንዳለ ይቆያል። ባለቤቱ ሳይፈራ ሊነካው የሚችለው በዚህ መንገድ የተሠራን ገጽ ነው።

ከደረጃው የወጡት ምን እንደደረሰባቸው አይተናል። ቀደም ባለው ጊዜ የሆቴል ድረ ገጽ ሲባል ፍላሽ በተባለ ሶፍትዌር የሚንቀሳቀስ፣ ሙዚቃ የሚያሰማ ነበር። ፍላሽ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነበር፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2020 ማብቂያ ላይ ድጋፉን አቆመ። እነዚያ ድረ ገጾች በዚያው ሞቱ፤ የተከፈለባቸው ገንዘብም አብሮ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተራ ኤችቲኤምኤል የተጻፈ ገጽ ግን ዛሬም በእጅ ስልካችሁ ይከፈታል።

የኛ ፊደል ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በኮምፒውተር ግዕዝ መጻፍ በተጀመረባቸው ዓመታት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደሉ የየራሱን ኮድ ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችን የራሱን ቋሚ ቦታ አገኘ። ዛሬ ከየትኛውም ስልክ የምትጽፉት አማርኛ በየትኛውም ስልክ የሚነበበው ያ ስምምነት ስላለ ነው።

ያን ሁሉ ድካም መና የሚያስቀር አንድ ልማድ ግን አለን። የአማርኛውን ጽሑፍ በፖስተር ሠርተን እንደ ፎቶ እንለጥፈዋለን። የዋጋ ዝርዝሩ ፎቶ፣ አድራሻው ፎቶ፣ የበዓል ማስታወቂያውም ፎቶ። ሒሳቡን እንሥራው። በዩኒኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል ድር ላይ 3 ባይት ይይዛል። 2,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ 6,000 ባይት ማለት ነው። ያንኑ በፖስተር ስታደርጉት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ባይት ይሆናል፤ የደንበኛችሁን ካርድ ይበላል፣ ኔትወርኩ ደከም ባለበት ሰፈርም አይከፈትም። «ኮምቦልቻ የቢሮ ጠረጴዛ» ብሎ በአማርኛ የሚፈልግ ሰው ፎቶ ላይ የተጻፈውን ላያገኘው ይችላል። ማየት የተሳነው ሰው ኤንቪዲኤን በመሰለ ነፃ ሶፍትዌር ገጹን ሲያስነብብ ፖስተሩ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። እሱን እንኳ ብንተወው፣ የደንበኛን ፊት በር መዝጋት የነጋዴ ጠባይ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በፖስተር የተሠራ ዋጋ አንድ ቁጥር ለመቀየር እንኳ እንደገና ዲዛይነር ያስፈልገዋል። ጽሑፍ ግን በሁለት ደቂቃ ይታረማል።

እንግዲህ ባለቤቱ ምን ይንካ፣ ምን አይንካ? ከሚቀያየረው እንነሳ። ዋጋ፣ የሥራ ሰዓት፣ ስልክ፣ የአዲስ ዕቃ ፎቶ፣ የበዓል ማስታወቂያ፣ የሐኪሙ ተራ፤ እነዚህ የባለቤቱ ናቸው። የገጹ አቀማመጥ፣ የፊደሉ ዓይነት፣ ከጀርባ ያለው ፕሮግራም የባለሙያው ናቸው። በዓለም ካሉ 10 ድረ ገጾች ከ4 በላይ የሚሆኑትን የሚያሠራው ዎርድፕሬስ ይህን ክፍፍል አስቦበታል። አድሚኒስትሬተር የሚባለው ሁሉን ይከፍታል፤ ኤዲተር የሚባለው ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ይቀይራል። የአድሚኒስትሬተሩ የይለፍ ቃል ከንግድ ፈቃዱ ጋር በካዝና ይቀመጥ፤ በየዕለቱ የሚሠራው በኤዲተሩ ይሁን። እንግዳ ተቀባይዋ ብትሳሳት የምትሳሳተው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዎርድፕሬስም የቀድሞውን ስለሚያስቀምጥ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። አብሽሩ፤ ድረ ገጽ በመነካካት ብቻ አይፈርስም።

ሁሉም ዎርድፕሬስ ያስፈልገዋል ማለት ግን አይደለም። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚቀየር አንድ ገጽ ያለው ጋራዥ፣ ያለ ዳታቤዝ በተራ ኤችቲኤምኤል ቢሠራለት ይሻለዋል። የሚዘመን ፕሮግራም የለውም፤ ሰርጎ ገብም ብዙ ቀዳዳ አያገኝበትም፤ የሰርቨር ኪራዩም ይቀንሳል። በየሳምንቱ ዋጋ የሚቀይር ሱቅ ግን የሚጽፍበት ምቹ ሰሌዳ ሊኖረው ይገባል። ምርጫው የሚለካው በሚያድሰው ሰው እንጂ ሠሪው በለመደው አይደለም።

የሚያድሰውም ሰው ሊለምዳቸው የሚገባ ጥቂት ነገሮች አሉ። ርዕስ ሲጽፍ ፊደሉን አጉልቶና አወፍሮ ብቻ እንዳይተወው፤ «ሄዲንግ» የሚለውን ይምረጥ። ከዎርድ የተቀዳ ጽሑፍ ብዙ ጉድፍ ይዞ ስለሚገባ ቅርጹን ትቶ ጽሑፉን ብቻ ይለጥፍ። በስልክ የተነሳ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ስለሚመዝን ሳያሳንስ አይጫን። ለፎቶውም ማየት ለተሳነው ሰው የሚነበብ አጭር መግለጫ ይጻፍ፤ «ባለ ሦስት በር የዋንዛ ቁም ሣጥን» ማለት በቂ ነው።

ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ የማይነግራችሁ የራሳችን ጉዳዮችም አሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። «ከ2:00 እስከ 11:00 ክፍት ነን» ብላችሁ ብትጽፉ የደሴው ሰው ይገባዋል፤ የውጭው እንግዳ ግን በራሱ አቆጣጠር ያነበውና በራችሁ ተዘግቶ ያገኘዋል። በአማርኛው ገጽ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ይባል፤ በእንግሊዝኛው ገጽ በዓለም አቀፉ ይጻፍ። ካርታ ላይ ስትመዘገቡም ዓለም አቀፉን ሙሉ። ሁለተኛው ስልክ ነው። የአካባቢያችን መለያ 033 ነው፤ ከጅዳ የሚደውል ሰው ግን 251 33 ማለት አለበት። ቁጥሩ ከነአገር መለያው ከተጻፈና ሲነካ የሚደውል ከሆነ ማንም አይቸገርም። ሦስተኛው አድራሻ ነው። የቤት ቁጥር ፈልጎ የሚመጣ እንግዳ የለንም፤ የምንገናኘው በምልክት ነው። ስለዚህ ከካርታው ጎን «ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ሲመጡ» ብላችሁ በቃል ምሩት። አራተኛው ሆሄ ነው። ድርጅታችሁ «ፀሐይ» ከሆነ «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ደንበኛ አለ። በላቲንም ደሴን የሚጽፏት በተለያየ መንገድ ነው። ስማችሁ በሚጻፍባቸው መንገዶች ሁሉ ጽሑፉ ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ይግባ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የድረ ገጽ ዓመታዊ ወጪ ሦስት ነው፤ የዶሜይን ስም (የድረ ገጹ አድራሻ)፣ የሆስቲንግ (የማስቀመጫ ቦታ) ኪራይና የሰው ጉልበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ በዶላር ይታሰባሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓመት 60 ዶላር ይከፍል የነበረ ነጋዴ 3,420 ብር የነበረው ወጪው ዶላሩ 120 ብር ሲገባ 7,200 ብር ይሆንበታል። ስለዚህ በብር የሚከፈለውንም አማራጭ ጠይቁ፤ የኢትዮጵያን «ዶት ኢቲ» ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ቦታ አትከራዩ። የደኅንነት ሰርተፊኬት ለብቻው ብዙ ብር ያስከፍላል ከተባላችሁም፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ በነፃ እንደሚሰጥ እወቁ። በአንጻሩ የተሰረቀ ቴም፣ ማለትም የተዘጋጀ የድረ ገጽ መልክ፣ በነፃ አገኘሁ ብላችሁ አትደሰቱ፤ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው የሚገባበትን በር ይዞ ይመጣል።

ይሁን እንጂ እየዋለ እያደረ የሚከብደው ሦስተኛው፣ የሰው ጉልበት ነው። በእያንዳንዷ ለውጥ ሰው የምትጠሩ ከሆነ ወይ ትከፍላላችሁ፣ ወይ ይሉኝታ ይዟችሁ ትተዉታላችሁ። አብዛኛው ሰው ይተወዋል። ያለፈው ዓመት ዋጋና የተቀየረ ስልክ የያዘ ድረ ገጽ ደግሞ ከሌለው የባሰ ነው፤ ደንበኛን ያጣላል።

የባለቤትነቱንም ነገር በደንብ እንያዘው። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። የዶሜይኑ ስም የተመዘገበው በሠሪው ስምና ኢሜይል ከሆነ፣ በጠብም በሞትም በስደትም ቢለያችሁ ስማችሁ ከእሱ ጋር ይሄዳል። በንግድ ፈቃዳችሁ ስም፣ በራሳችሁ ኢሜይልና ስልክ ይመዝገብ። ድረ ገጹ የደንበኞችን ስምና ስልክ የሚቀበል ከሆነም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ኃላፊነት ያስከትልባችኋል፤ የማያስፈልጋችሁን መረጃ አትሰብስቡ።

መጠባበቂያ ቅጂን በተመለከተ ለዚህ ከተማ ሰው ብዙ መናገር አይገባኝም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ያሳለፉትን ታውቁታላችሁ። ከሆስፒታል እስከ ሱቅ ኮምፒውተሩ ሲሄድ፣ ውስጡ የነበረው ሥራም አብሮ ሄዷል። የድረ ገጻችሁ ቅጂ በሦስት ቦታ ይኑር፤ አንዱ ሰርቨሩ ላይ፣ አንዱ በእጃችሁ በፍላሽ ዲስክ፣ አንዱ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ወይም በደመና ማከማቻ። ቅጂው መልሶ መከፈቱንም በዓመት አንዴ ሞክሩት፤ ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ወጣት ድረ ገጽ ሠሪዎቹ ልመለስ። «ደንበኛው ራሱ ካደሰው እኔ ምን እበላለሁ?» የሚለውን ሥጋታችሁን አውቀዋለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ዋጋ በመቀየር የበለጸገ ባለሙያ አለ? ያች አምስት ደቂቃ የምትባል ሥራ ቀናችሁን ትቆራርጣለች፤ ሒሳብ ስትጠይቁበትም ታሳፍራለች። ከእሷ ይልቅ ሦስት ነገር ሽጡ። አንድ፣ በደረጃ የተሠራ ድረ ገጽ። ሁለት፣ የግማሽ ቀን ሥልጠና፣ ከአንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ጋር፤ ሥልጠናውንም ለሁለት ሰው ስጡ፣ አንዷ ብታገባና ብትሄድ ሌላው ይቀራልና። ሦስት፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ዋጋ የሚደረግ ምርመራ፤ ፕሮግራሙ ይዘመናል፣ ቅጂው ይፈተሻል፣ የተበጠሱ ማስፈንጠሪያዎች ይጠገናሉ። ሁልጊዜ የሚታደስ ድረ ገጽ ከግርጌው ስማችሁን ይዞ ይመሰክርላችኋል፤ የሞተውም በዚያው ስም ያሳማችኋል።

ሥራችሁንም ራሳችሁ መርምሩት። የድር ጥምረቱ የኮዱን ስሕተት የሚያወጣ ነፃ ቫሊዴተር አለው፤ ከማስረከባችሁ በፊት አሳልፉት። ገጹ አማርኛ መሆኑን በኮዱ ውስጥ አስታውቁ፤ አንባቢ ሶፍትዌሩ ቋንቋውን የሚለየው በዚያ ነው። ውድ ባልሆነ ስልክ፣ በደካማ ኔትወርክ ክፈቱት። ትልቁ ፈተና ግን ይህ ነው፤ ባለቤቱ እናንተ ፊት ተቀምጦ፣ በገዛ ስልኩ፣ ሳታግዙት አንድ ዋጋ ይቀይር። ካልቻለ ሥራው አላለቀም። የመጨረሻውንም ክፍያ መቀበል ያለባችሁ ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ሐሳብ ለጋራ ላቅርብ። አንድ የሆስቲንግ ኪራይ ብዙ ትናንሽ ድረ ገጾችን ሊይዝ ይችላል። በኮምቦልቻ አሥር የእንጨት ሥራ ማኅበራት ተስማምተው አንድ ኪራይ ቢከፍሉ፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ የሚያሳስብ አይሆንም። ጥንቃቄው ሁለት ነው፤ ዶሜይኑ በየግል ስም ይመዝገብ፤ የአንዱ ጉዳት ለሌላው እንዳይተርፍ እያንዳንዱ በተለየ አካውንት ይቀመጥ። የሚሠራላችሁም ሩቅ አይደለም፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ አለው። ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ሥራቸው የሌለ ሱቅ ድረ ገጽ ከሚሠሩ፣ እዚሁ ጎረቤት ላለ እውነተኛ ሱቅ ቢሠሩ፣ ከነጥቡም ከፊሉ ባለቤቱ በመምህሩ ፊት ዋጋ በመቀየሩ ቢሰጥ፣ ተማሪውም ነጋዴውም ያተርፋሉ።

ስለዚህ ነጋዴዎች ሆይ፣ ነገ ጠዋት ሦስት ነገር ጠይቁ። ዶሜይኔ በማን ስም ነው? የይለፍ ቃሉ የታለ? ቅጂው የት ተቀምጧል? መልሱን በወረቀት ተቀብላችሁ ከንግድ ፈቃዳችሁ ጋር አስቀምጡ። ወጣቶችም ለእነዚህ ጥያቄዎች የማታፍሩበትን መልስ ከዛሬ ጀምሮ አዘጋጁ። ደንበኛችሁን ያለ እናንተ እንዲቆም አድርጉት፤ ሌላ ሥራ ሲኖረው ደግሞ የሚጠራው እናንተኑ ነው።